ሴፍቲኔት፦ በድርቅ ወረዳ ለገበሬው የሚከፈለው ገንዘብ እንዴት ይሠራል?

ድርቅ በተነሳ ቁጥር ሁለት ወሬ አብሮ ይነሳል። አንዱ «እርዳታ ገባ» ይላል። ሌላው «ገበሬው እርዳታ ለምዶ ሥራ ጠላ» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሴፍቲኔት ነው። ሙሉ ስሙ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይባላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። ከተማ ላይ ግን ስሙን እንጂ አሠራሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሳያውቁ የሚሰጡት ፍርድ ደግሞ ጉልበቱን አፍስሶ የሚከፈለውን ሰው ለማኝ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሥሩ ጀምረን እንየው።

እርዳታና ሴፍቲኔት አንድ አይደሉም?

አይደሉም። የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ የሚመጣው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ከበልግና ከመኸር በኋላ ባለሙያዎች ወረዳ ለወረዳ ዞረው ጥናት ያደርጋሉ። ምን ያህል ሰው እንደሚራብ ይገመታል። ቁጥሩ ይፋ ይሆናል፣ ለጋሾች ይጠየቃሉ፣ ስንዴ ይታዘዛል፣ መርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ የጭነት መኪና ይነሳል። ሁሉም ነገር ከተሳካ አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ሴፍቲኔት የተሠራው በተቃራኒው ነው። በየዓመቱ ምግብ እንደሚያጥራቸው አስቀድሞ የታወቁ ቤተሰቦች አሉ። ስማቸው ይመዘገባል። በዓመቱ ውስጥ ስንት ወር፣ ስንት ብር ወይም ስንት ኪሎ እንደሚያገኙ ቀድሞ ይነገራቸዋል። በጀቱም ቀድሞ ይያዛል።

ልዩነቱን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። እድር የሌለበት ቤት ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሯሯጣል፣ መዋጮ ይለመናል፣ ድንኳን ይፈለጋል። እድር ያለበት ቤት ግን ሳይነጋ ድንኳኑ ተተክሏል። ገንዘቡ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ማን ምን እንደሚሠራም ይታወቃል። ሐዘኑ ያው ሐዘን ነው፣ ቤቱ ግን አይበተንም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይለይ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ሲያጸዱ የምናያቸው ሰዎች ያሉበት የከተማ ሴፍቲኔት ሌላ ፕሮግራም ነው። እሱ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ገጠሩ ነው።

ለምን ተጀመረ?

በ1995 ዓ.ም. ከባድ ድርቅ ነበር። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ አስፈለገው። ለመንግሥትም ለለጋሾችም ያስደነገጠው ግን ይህ ቁጥር ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው እርዳታ ይፈልግ ነበር። ዝናብ በደህና የዘነበባቸው ዓመታትም እዚህ ውስጥ አሉ። ማለትም ለእነዚህ ሰዎች ረሃቡ ድንገተኛ አልነበረም። መሬታቸው ጠቧል፣ አፈሩ ታጥቧል፣ ከብት የላቸውም። በየዓመቱ የሚመጣን ነገር በየዓመቱ «አስቸኳይ» እያሉ መለመን ትርጉም አጣ።

ከዚያ ውይይት ተነስቶ በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀመረ። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ድርቅ በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይዞ ተነሳ። ሐረሪና ድሬዳዋም ገቡበት፤ በኋላ አፋርና ሶማሌ ተጨመሩ። ቁጥሩም በሂደት 8 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ።

ገንዘቡ በጊዜው መድረሱ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል?

የነገሩ ልብ እዚህ ነውና ሰፋ አድርገን እንየው።

አንድ የገበሬ ቤት እናስብ። ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቆመ። ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ከማሳው የገባው እህል እስከ ጥር ቢያደርስ ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰው ከገበታው ነው። በቀን ሦስቴ የነበረው ሁለቴ ይሆናል። ቀጥሎ ዶሮው ይሸጣል፣ ከዚያ በጉና ፍየሉ። ከዚያ ብድር ይመጣል፣ ከነወለዱ። አንደኛው ልጅ ትምህርት አቋርጦ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። በመጨረሻ በሬው ገበያ ይወጣል።

ገበያ ላይ ግን የጎረቤቱም በሬ፣ የዚያኛው ቀበሌ በሬም ወጥቷል። መኖ ስለጠፋ ከብቱ ሁሉ ከስቷል። ሻጭ በዛ፣ ገዢ ጠፋ፤ የበሬ ዋጋ ወደቀ። በዚያው ሰሞን የእህል ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። ገበሬው የሚሸጠው ነገር በረከሰበት፣ የሚገዛው ነገር በተወደደበት ሳምንት ነው ገበያ የወጣው። በሬውን ሸጦ የሚገዛው እህል በደህናው ጊዜ ከሚገዛው እጅግ ያነሰ ነው።

ክረምቱ ሲመለስ ዝናቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን የሚያርስበት በሬ የለውም። መሬቱን በሬ ላለው ሰው የእኩል ይሰጣል። ከገዛ መሬቱ ግማሹን ምርት ይዞ ይገባል። ከዚያ ላይ ብድሩ አለ። ስለዚህ በሬ ለመግዛት የሚያስችል ትርፍ ሳያገኝ ሌላ ድርቅ ይመጣበታል። ብዙ ቤት የወደቀው በአንድ ትልቅ ድርቅ ሳይሆን በዚህ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

የሴፍቲኔት ክፍያ ዓላማ በዚህ ሰንሰለት መሃል መግባት ነው። በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት እህል መግዣ በእጁ እንዲኖር ማድረግ። ይህ ከታየ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። መጋቢት ላይ የደረሰ ትንሽ ገንዘብ በሬውን ያድናል። ያው ገንዘብ እጥፍ ሆኖ ነሐሴ ላይ ቢመጣ የተሸጠውን በሬ አይመልስም። በእኔ እምነት ፕሮግራሙን መመዘን ያለብን በመጀመሪያ በዚህ ነው፤ ስንት ሰጠ ከማለት በፊት መቼ ደረሰ ብለን መጠየቅ አለብን።

ማን ይገባል? ማንስ ይመርጣል?

መጀመሪያ ወረዳው ይመረጣል። ተከታታይ ዓመታት እርዳታ ሲቀበል የኖረ ወረዳ መሆን አለበት። ቀጥሎ ቤተሰቡ ይታያል። ዋናው መስፈርት ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት ቤት ነው። በድንገት ከብቱን ወይም ሌላ ሀብቱን ያጣ፣ የሚደግፈው ዘመድ የሌለው ሰውም ይታያል።

ምርጫውን የሚያደርገው ወረዳ ላይ የተቀመጠ ባለሥልጣን አይደለም፤ ቢያንስ በመመሪያው መሠረት። በየቀበሌውና በየጎጡ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አለ። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች ይቀመጡበታል። የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል በሚል ነው። የተመረጡት ስም በስብሰባ ይነበባል፣ ሰው እንዲያየውም ይለጠፋል።

ችግሩ ኮታው ነው። ወረዳው ከክልል የተሰጠውን ቁጥር ለቀበሌ ያካፍላል፣ ቀበሌው ለጎጥ። 60 ቤተሰብ ለተቸገረበት ጎጥ ለ40 ቤተሰብ የሚሆን ኮታ ሊደርሰው ይችላል። ግብረ ኃይሉ ያኔ ሁለት ክፉ ምርጫ ይገጥመዋል። 20 ቤት ይቅር ወይስ ለሁሉም ቀነስ ቀነስ ይደረግ? ብዙ ቦታ የሚደረገው ሁለተኛው ነው። ስድስት ነፍስ ያለው ቤት ለሦስት ሰው ብቻ ይመዘገባል። መመሪያው ሙሉ ቤተሰብ ይመዝገብ ይላል። ሕዝቡ ግን አብሮ የሚኖረው ከጎረቤቱ ጋር ነው፣ ከመመሪያው ጋር አይደለም። ይህን ሌብነት ብሎ መጥራት ይቀላል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኮታው ማነስ ነው እላለሁ። በእርግጥ ለዘመድ ማዳላትም አለ፤ እሱን በመጨረሻ እናየዋለን።

ገንዘቡ በነጻ ነው የሚሰጠው?

ለአብዛኛው ሰው አይደለም። ጉልበት ያለው ቤተሰብ ይሠራል። ሂሳቡ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ነው፣ በዓመት ለስድስት ወር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ይሠራል ማለት ነው። ልጆች አይሠሩም፤ የልጆቹን ድርሻ አዋቂዎቹ ተከፋፍለው ይሸፍናሉ። ሥራው በብዙ ቦታ ከጥር እስከ ሰኔ ነው፣ የእርሻ ሥራ ጋብ በሚልበት ወቅት። በአርብቶ አደር አካባቢ ወሩ ይለያያል።

የሚሠራው እርከን ነው፣ የተራቆተ ተራራ መከለል ነው፣ ምንጭ ማጎልበት፣ የቀበሌ መንገድ፣ የትምህርት ቤት ክፍል። በነገራችን ላይ በዚያው ተራራ ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራም ሰው አለ። ብዙ ክልሎች ጥር ላይ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አላቸው፤ ገበሬው ሁሉ በነጻ ጉልበቱን ይሰጣል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚውም ከዚህ አይቀርም። የነጻ ቀኑን ጨርሶ ነው የክፍያ ቀኑን የሚቆጥረው። ከሩቅ ለሚያየው ሁለቱ ይደበላለቁበታል።

ስንት ይከፈላል? መነሻው በቀን ሦስት ኪሎ እህል የሚገዛ ገንዘብ ይሁን የሚል ነበር። በ1997 ይህ በቀን 6 ብር ተተመነ። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 150 ብር ያገኝ ነበር። በእህል ከሆነ ለዚያው ቤት በወር 75 ኪሎ። የብሩ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ግን ሁልጊዜ ከገበያው ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲተኮስ የቀን ክፍያው 8 ብር ነበር። ያኔ በብር የሚከፈላቸው ሰዎች «እህሉን ስጡን» ማለት ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። ብሩ ያው ሆኖ ቁናው አንሷል።

«ሥራ አስጠላው» ለሚለው ወሬ መልሱ ከዚሁ ሂሳብ ውስጥ አለ። ከዓመቱ ግማሽ ብቻ ለሚከፈል፣ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ እህል ብሎ እርሻውን የሚተው ገበሬ የለም። ያን ግማሽ ኪሎም ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚያገኘው።

መሥራት የማይችሉም አሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕመምተኞች፣ ጧሪ የሌላቸው። እነሱ ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል፤ ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራበት አሠራር ክፍያቸው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ እርጅና ሰኔ ላይ አይቆምምና። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ ከታወቀ ጀምሮ፣ ከወለደችም በኋላ ሕፃኑ ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከሥራ ነጻ ሆና ይከፈላታል። ሌሎች ሴቶችም የቤት ሥራ ስላለባቸው ዘግይተው ገብተው ቀድመው እንዲወጡ መመሪያው ይፈቅዳል።

ብሩ በማን እጅ ያልፋል?

ከገንዘብ ሚኒስቴር ይነሳል። ወደ ክልሉ ፋይናንስ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። ወረቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ይወጣል። ሥራው ላይ የቡድን መሪው አቴንዳንስ ይይዛል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ያጠናቅረዋል። ወረዳ ላይ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ፔይሮል፣ ማለትም ለማን ስንት እንደሚከፈል የሚያሳየው ዝርዝር፣ ይወጣል። ብሩና ወረቀቱ ሲገናኙ ክፍያ ይፈጸማል።

መዘግየቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። አንድ ቀበሌ አቴንዳንሱን ሳያስገባ ይቀራል፤ የወረዳው ሙሉ ሰነድ እሱን ይጠብቃል። ባለሙያው ለሌላ ስብሰባ ይጠራል። ኮምፒውተሩ ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል። ወይም ወረዳው ያለፈውን ወጪ ሂሳብ ስላላወራረደ ክልሉ ቀጣዩን አይለቅም። የመጋቢቱ ክፍያ ሰኔ ይገባል። ገበሬው በሬውን ሚያዝያ ላይ ሸጧል።

ድሮ ገንዘብ ያዡ ብሩን በከረጢት ይዞ ክፍያ ጣቢያ ይቀመጥ ነበር። ሰው ሰዓታት ተጉዞ ይመጣል፣ ተሰልፎ ይውላል፣ አንዳንዴም «ነገ ኑ» ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ክፍያው በኤም-ብርና በመሰል የሞባይል ክፍያ መንገዶች፣ በብድርና ቁጠባ ተቋማት በኩል መከፈል ጀምሯል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰውየው ቀኑን ራሱ ይመርጣል፣ በመሃል የሚቆርጥበት እጅም ይቀንሳል። ኔትወርክ በሌለበት፣ ወኪሉ ጥሬ ብር በጨረሰበት ቀበሌ ግን ያው ሰልፍ አለ።

ከወትሮው የከፋ ድርቅ ሲመጣስ?

ለዚህ መጠባበቂያ ተዘጋጅቷል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከበጀቱ 5 በመቶ ለወረዳው፣ 15 በመቶ ለክልሉ በመጠባበቂያነት ይቀመጥ ነበር። ወረዳው በራሱ ውሳኔ የተረሱ ቤቶችን መጨመር ወይም ለነባሮቹ ወር ማራዘም ይችላል። ከዚያ በላይ ለሆነ አደጋ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ሌላ ገንዘብ ተዘጋጅቶ ነበር።

ይህ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተፈትኗል። የአፍሪካ ቀንድን የመታው ድርቅ ሲመጣ ለ6.5 ሚሊዮን ነባር ተጠቃሚዎች ተጨማሪ ሦስት ወር ተከፈለ። በመዝገቡ ያልነበሩ 3.1 ሚሊዮን ሰዎችም ገቡ። ስሙ ተመዝግቧል፣ ባለሙያው ቦታው ላይ ነው፣ መንገዱ ተጠርጓል። ስለዚህ በተለመደው የእርዳታ መንገድ ስምንት ወር የሚፈጀው በሁለት ወር ገደማ ደረሰ። ሁሉም ድርቅ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ከሴፍቲኔቱ 8 ሚሊዮን ተጠቃሚ ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ አስፈልጎታል። ያን የሚሸከም መጠባበቂያ አልነበረም።

ኢንሹራንስም ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በምትባል ቀበሌ 200 ቤተሰቦች የዝናብ ኢንሹራንስ ገቡ። ደሃው ገበሬ አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ በብር ፋንታ በጉልበቱ፣ በሴፍቲኔት ሥራ ላይ ተጨማሪ ቀን በመሥራት መክፈል ይችል ነበር። ካሳው የሚከፈለው የዝናቡ ልክ ከተወሰነው ሲያንስ ነው፤ ማንም መጥቶ ማሳውን መለካት አያስፈልገውም። ሐሳቡ በኋላ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሰፍቷል። ደካማ ጎኑ ግልጽ ነው። መለኪያው ዝናብ ነበረ ሲል የአንተ ማሳ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

«ተመረቀ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ቤተሰብ ያለ ክፍያ ዓመቱን መውጣት ሲችል፣ መካከለኛ ድርቅም ሲመጣ ከብቱን የማይሸጥ ከሆነ፣ ከፕሮግራሙ ይወጣል። ይህ ምርቃት ይባላል። እንዲደርስበትም በግ ማሞከት፣ ንብ ማነብ፣ ብድር የመሳሰሉ ድጋፎች አብረው ታስበው ነበር።

በ2003 የወጣው የአምስት ዓመት የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተጠቃሚውን ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ አልሞ ነበር። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ ምዕራፍ ተጀመረ፣ ቁጥሩም 8 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። በመሃል ግን ብዙ ወረዳ ላይ ምርቃት ራሱ ኮታ ሆነ። «ዘንድሮ ይህን ያህል ቤት አስመርቁ» ይባላል። ሁለት በግ ያለው ሰው «ሀብታም ነህ» ተብሎ ይወጣል። በቀጣዩ ድርቅ በጎቹን ሸጦ የእርዳታ ሰልፍ ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ምርቃት በሪፖርት ያምራል፣ ቤቱን ግን ከነበረበት ዝቅ ያደርገዋል።

ገንዘቡ የማን ነው? ይቀጥላል?

አብዛኛው ከውጭ ነው። የዓለም ባንክ ትልቁ ሲሆን የአውሮፓ አገራት፣ ካናዳና ሌሎችም አሉበት፤ መንግሥትም የራሱን ድርሻ ይመድባል። አሜሪካ በዩኤስኤአይዲ በኩል በተወሰኑ ወረዳዎች እህሉን በእርዳታ ድርጅቶች አማካኝነት ስታቀርብ ቆይታለች። ይህ መሥሪያ ቤት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በይፋ ሥራ አቁሟል። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2015 የእርዳታ እህል ለሌላ ዓላማ ዋለ ተብሎ የአሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታ በአገር አቀፍ ደረጃ ለወራት ቆሞ ነበር። በትግራይ በጦርነቱ ዓመታት ሴፍቲኔቱ ራሱ ተቋርጧል። ቀድሞ የታወቀ ክፍያ ተብሎ የተጀመረ ነገር እንዲህ ሲቆራረጥ ዋናው ጥቅሙ ይጠፋል። ገበሬው በሬውን ለማቆየት የሚወስነው ክፍያው ይመጣል ብሎ ሲያምን ብቻ ነው።

ስሙ የተዘለለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ከመራጩ ግብረ ኃይል የተለየ መሆን አለበት፤ የመረጠህ ሰው ቅሬታህን ሊሰማ አይችልም። ስምህ ተዘለለ፣ የቤተሰብህ ቁጥር ተቀነሰ፣ ሳይገባው የገባ ሰው አለ፣ ክፍያህ ጎደለ የሚል ሁሉ ለዚህ ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው ካልፈታው ወደ ወረዳ ይሄዳል። ቅሬታ ማቅረብ ከመዝገብ አያሰርዝም።

ስሙ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ሲለጠፍ መታየት አለበት፤ ከጸደቀ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የሚያምነውን ጎረቤት ይላክ። የተመዘገበው ደግሞ የተጠቃሚ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ ስንት የቤተሰብ አባል እንደተያዘለትና በየጊዜው የተከፈለው መጠን ይጻፋል። የተጠቃሚው መብትና ግዴታም እዚያው ላይ ሰፍሯል። ካርዱን ማንም ሰው፣ የቀበሌ ሹም ቢሆንም፣ ወስዶ ሊያስቀምጥበት አይችልም።